ከኦቬችኪን ጀርባ የቆሙት ስድስቱ፦ ስለ 2018ቱ ካፒታልስ ተከላካዮች ጥያቄና መልስ

እኛ የዲሲ አካባቢ ሐበሾች ስለ ስፖርት ካወራን ወይ ፕሪምየር ሊግ ነው ወይ ሩጫ። እኔ ግን የዋሽንግተን ካፒታልስ ሆኪ ከያዘኝ ቆይቷል። በቀደም ቡና ላይ የ2018ቱ ስታንሊ ካፕ፣ ማለትም የሰሜን አሜሪካው ሆኪ ሊግ ዋንጫ፣ ተነሣና «ዋንጫውን ያመጡት ተከላካዮቹ ናቸው» አልኩ። ወዲያው ተንጫጩብኝ። ከዚያ በኋላ የመጡልኝን ጥያቄዎች እነሆ፤ እንደ ችሎታዬ መልሻለሁ።

ጋሼ፣ መጀመሪያ ነገሩን ያስረዱኝ። ሆኪ ላይ ተከላካይ እንደ እግር ኳስ ነው?

በስም ይመሳሰላል እንጂ ሥራው ሌላ ነው። በረዶው ላይ ከአንድ ቡድን ስድስት ሰው አለ። ግብ ጠባቂ፣ ሦስት አጥቂና ሁለት ተከላካይ። ለአንድ ጨዋታ ስድስት ተከላካዮች ይዘጋጁና ሁለት ሁለት ሆነው ይፈራረቃሉ። አንዱ ጥንድ አርባ ምናምን ሰከንድ ሮጦ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። ጨዋታው እንኳ አይቆምላቸውም።

ስለዚህ ተከላካይን ለብቻው መመዘን ከባድ ነው። እንደ ጥማድ በሬ አስበው። አንዱ ቢያነክስ ሌላው ጎበዝ ስለሆነ ብቻ እርሻው አይታረስም።

እሺ፣ ስድስቱ እነማን ናቸው?

ጆን ካርልሰን ከሚካል ኬምፕኒ ጋር። ማት ኒስካነን ከዲሚትሪ ኦርሎቭ ጋር። ብሩክስ ኦርፒክ ከክርስቲያን ጁስ ጋር። ኮከብ የሚባል ስም ያለው ብትፈልግ ካርልሰን ብቻ ነው።

ካርልሰን የሚወራለትን ያህል ነው? እኔ ሁልጊዜ ቦታውን ጥሎ ወደ ፊት ሲሄድ ነው የማየው።

ያየኸው ልክ ነው። ግን ሥራው ነው! በ2017/18 የውድድር ዘመን 15 ግብ አግብቶ 53 አመቻችቷል። 68 ነጥብ ማለት ነው። በዚያ ዓመት ከሊጉ ተከላካዮች አንድም የበለጠው የለም። ፕሌይኦፍ ላይ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚመጣው ጥሎ ማለፍ፣ በ24 ጨዋታ ሌላ 20 ነጥብ ጨመረ። የቡድኑ ኮከብ አጥቂ ኦቬችኪን ከግራ በኩል ቆሞ በአንድ ምት የሚያገባቸውን እነዚያን ግቦች አስታውስ። ብዙ ጊዜ ፓኩን (በኳስ ፈንታ የሚመታውን ጠፍጣፋ ጎማ) ከላይ የሚያቀብለው ካርልሰን ነው። ለአንድ ሰው ቡና እንደማፍላት ነው፤ የሚመሰገነው ጠጪው አይደለም፣ እዚህ ግን ጠጪው ተመሰገነ።

መከላከሉ ላይ ግን አልዋሽህም። አንድ ለአንድ ሲገጥሙት አንዳንዴ ዱላውን ብቻ ይልካል፤ እግሩ አይከተልም። በየጨዋታው ወደ 25 ደቂቃ ይጫወት ስለነበር ድካምም አለበት። ለማንኛውም ክለቡ ዋንጫው በገባ በሳምንታት ውስጥ የ8 ዓመት፣ የ64 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት ሰጠው። እኔም ብሆን እሰጠው ነበር።

ኬምፕኒ ማነው? ስሙን ሰምቼው አላውቅም።

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ኬምፕኒ የቼክ ልጅ ነው። ቺካጎ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ሳይሰለፍ ከላይ ቁጭ ብሎ ነው ጨዋታውን የሚያየው። የካቲት 2018 ላይ ካፒታልስ በአንድ የሦስተኛ ዙር ድራፍት ምርጫ ገዛው፤ ድራፍት ክለቦች አዳዲስ ወጣቶችን በየተራ የሚመርጡበት ነው። ሦስተኛ ዙር ማለት ከገበያ ሽንኩርት ልትገዛ ሄደህ የሚመረቅልህ ዓይነት ዋጋ ነው።

እሱ እስኪመጣ ድረስ ካርልሰን አጠገቡ የሚቆም የረባ ሰው አልነበረውም። ወጣቶቹን እየቀያየሩ ይሞክሩ ነበር። ካርልሰን ወደ ፊት በወጣ ቁጥር የእኔ ልብ አብራው ትወጣለች። ኬምፕኒ መጣና ያ ቀረ። በስኬቲንግ ፈጣን ነው፣ አይፈራም፣ ከሁሉም በላይ ፓኩን ይዞ አያጌጥም። ይቀበላል፣ ያሻግራል፣ ይመለሳል። ካርልሰን ሲወጣ እሱ ይቀራል። አለቀ። ከታምፓ ጋር በተደረገው የግማሽ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ደግሞ የመጀመሪያዋን ግብ እሱ አገባ። ተከላካይ መሆኑን እንኳ ረስቶ!

በኋላ እግሩን ተጎድቶ እንደ ድሮው ሳይሆን ቀረ። ያሳዝነኛል። ግን እነዚያ አራት ወራት ለእኔ ይበቁኛል።

ከኦርሎቭና ከኒስካነን ማን ይሻላል?

ኦርሎቭ ለዓይን ይጥማል። ሩሲያዊ ነው፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ ግን መሐል ሜዳ ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚመጣ ሰው ካገኘ በትከሻው እንደ በር ይዘጋበታል። ኒስካነን ደግሞ አይታይም። ጨዋታው አልቆ «ኒስካነን ዛሬ ነበር እንዴ?» ካልክ በጣም ጥሩ ተጫውቷል ማለት ነው። የተጋጣሚን ምርጥ አጥቂዎች እንዲይዙ የሚላኩት እነዚህ ሁለቱ ነበሩ። ፒትስበርግ ሲመጣ ክሮስቢን፣ ታምፓ ሲመጣ ስታምኮስን። ከታምፓ ጋር የነበረውን የመጨረሻ ሁለት ጨዋታ እዩት፤ 3 ለ 0 እና 4 ለ 0። ሞት ወይም ሽረት በሆነ ሰዓት ሁለቴ ግብ አለመቀበል ቀልድ አይደለም።

መርጠህ ንገረኝ ካልከኝ ኒስካነን። (ለቨርጂኒያ ሰዎች፦ የትውልድ ከተማው ስም ቨርጂኒያ ነው፤ ግን ሚኒሶታ ውስጥ ያለችው።)

ኦርፒክ ግን ሽማግሌ አልነበረም? ፍጥነቱን ሳየው እኔ እደክማለሁ።

37 ዓመቱ ነበር፣ አዎ። ፈጣን አጥቂ በጎኑ ሲያልፍበት እኔም ዓይኔን ጨፍኛለሁ። በመደበኛው ውድድር አንድም ግብ አላገባም፤ ዜሮ። ግን በ2009 ከፒትስበርግ ጋር ዋንጫ አንሥቷልና መንገዱን ያውቀዋል። በቅጣት አንድ ሰው ሲጎድልባቸው ፓኩ ፊት የሚጋደመው እሱ ነው።

ደግሞ እግዜር የሠራውን እይ። በፍጻሜው ሁለተኛ ጨዋታ፣ ላስ ቬጋስ ላይ፣ ለማሸነፊያ የሆነችውን ሦስተኛዋን ግብ ያገባው ይኸው ዓመቱን ሙሉ ያላገባ ሰው ነው። 3 ለ 2 አለቀ።

ጁስስ?

ስዊድናዊ፣ ቀጭን፣ በ2012 ድራፍት በ195ኛ የተመረጠ። ፓክ አያያዙ ያምራል። ተገፍቶ ሲወድቅ ግን ንፋስ የጣለው ይመስላል። ከኦርፒክ ጋር ያጣመሩት ለዚያ ነው፤ አንዱ እግር፣ አንዱ ጡንቻ።

ጋሼ ይቅርታ፣ ግን ዋንጫውን ያመጣው ግብ ጠባቂው ሆልትቢ ነው። ያችን ያዳናትን ረሱ?

እንዴት እረሳለሁ! ያው ሁለተኛው ጨዋታ ነው። ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀር የቬጋሱ አሌክስ ታክ ባዶ ጎል ፊት ለፊት መታት፤ ሆልትቢ ዱላውን ዘርግቶ መለሳት። ተከላካዮቹ በዚያች ቅጽበት ተበትነው ነበር፣ አልክድም። ግን ግብ ጠባቂ ጥሩ መስሎ የሚታየው ምቶቹ ከየት እንደሚመጡ ሲያውቅ ነው። የያኔው አሰልጣኝ ባሪ ትሮትዝ መሐል ሜዳውን ዘግቶ ይጫወት ስለነበር፣ ተጋጣሚ ፓኩን ይዞ በፍጥነት መግባት ይቸግረው ነበር። ወደ ጥግ ወርውሮ ይሮጣል። ጥግ ላይ ደግሞ ኒስካነን አለ።

ጥቁር ተከላካይ ነበራቸው ወይ?

ነበራቸው፣ እህቴ። ማዲሰን ቦዊ፣ ካናዳዊ ወጣት። በመደበኛው ውድድር 51 ጨዋታ ተሰለፈ፤ ኬምፕኒ ሲመጣ ቦታው ጠበበና ፕሌይኦፍ ላይ አልገባም። ሌላው ዴቫንቴ ስሚዝ ፔሊ አጥቂ ነው። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ቺካጎ ውስጥ ቅጣት ላይ ቁጭ ባለበት ተመልካቾች በዘረኝነት «ቅርጫት ኳስ» እያሉ ጮኹበት። እሱ ምን አደረገ? ሰኔ 7 ቀን ዋንጫው በተወሰነበት አምስተኛ ጨዋታ ላይ 3 እኩል የሆኑበትን ግብ አገባ። ከዚያ ላርስ ኤለር አራተኛዋን ጨመረ።

በ2017 የነበሩት ተከላካዮች አይሻሉም ነበር? ስም በስም ሳያቸው የተሻሉ ይመስላሉ።

ወረቀት ላይ አዎ። በዚያ ክረምት ሻተንከርክ፣ አልዝነርና ሽሚት ሦስቱም ሄዱ። ሽሚትን እንዲያውም ቬጋስ ነው የወሰደው፤ በፍጻሜው በተቃራኒ ማሊያ ገጠመን። ሁላችንም «አበቃልን» ብለን ነበር። ግን የ2017ቱ ቡድን በሊጉ አንደኛ ወጥቶ በሁለተኛው ዙር፣ በሰባተኛው ጨዋታ፣ በገዛ ሜዳው በፒትስበርግ 2 ለ 0 ተሸኘ። ስም የበዛበት ነበር፣ ጥማዱ ግን አልገጠመም።

ፓኩ ሲመታቸው አያምም?

ድርቅ ያለ ጎማ ነው፣ ወደ 170 ግራም፣ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ካርልሰንን ታኅሣሥ 2022 ላይ ጭንቅላቱ ላይ መታው፤ የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ፣ የደም ሥሩ ተቆረጠ። ለሦስት ወር ያህል ከሜዳ ራቀ። ከዚያ ተመልሶ አሁንም ፓክ ፊት ሲቆም አየሁት። ሚስቴ ያን ቀን «ይኼ ሰው ምን ነካው?» ብላ ከሶፋው ተነሥታ ወጣች። እኔ ቁጭ አልኩ።