ባልና ሚስት፣ ሁለት ቦርሳ፣ አራት አገር፦ የባልካን ጉዞ ጥያቄና መልስ

ዳዊት፦ ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ በዚህ ሰመር ቦርሳ አዝለን ከሽቱትጋርት ተነሳን። ክሮኤሺያን፣ ቦስኒያን፣ ሰርቢያንና ሞንቴኔግሮን በአውቶቡስና በባቡር ዞረን ተመልሰናል። በውስጥ መስመር ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ጠይቁኝ። ሁለታችንም የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጀርመን የነዋሪነት ካርድ ነው ያለን። ስትጠይቁ የያዛችሁትን ወረቀት ጻፉ።

ሄለን፦ እንኳን በሰላም መጣችሁ! ቪዛ አስመትታችሁ ነው የሄዳችሁት? እኔም የጀርመን ካርድ ነው ያለኝ።

ዳዊት፦ እንኳን በደህና ቆየሽን። አላስመታንም። ክሮኤሺያ ከ2023 መግቢያ ጀምሮ ሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚዞርባቸው የአውሮፓ አገሮች) ውስጥ ናት፤ ገንዘቧም ዩሮ ሆኗል። ሌሎቹ ሦስቱ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደሉም። ግን ቀኑ ያላለፈበት የሸንገን ነዋሪነት ካርድ ላለው ሰው ያለ ቪዛ ያስገባሉ። ቦስኒያና ሞንቴኔግሮ እስከ 30 ቀን፣ ሰርቢያ እስከ 90 ቀን። ሕጉ ስለሚቀያየር ከመነሳትሽ በፊት የየአገሩን የውጭ ጉዳይ ድረ ገጽ እይ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ከክሮኤሺያ ወደ ቦስኒያ ስትሻገሩ ከሸንገን ወጥታችኋል። መመለሻችሁ ካርዱ ነው። ካርዱ መሀል ላይ ቢያልቅ ወይም ቢጠፋ የቦስኒያ ዋና ከተማ ሳራየቮ ተቀምጣችሁ ነው ኤምባሲ የምትለማመጡት። ድንበር ላይ የአውቶቡሱ ረዳት የሁሉንም ሰው ፓስፖርት ይሰበስብና ቁልሉን ለፖሊሱ ይዞ ይሄዳል። እናንተ ካርዱን ፎቶው ያለበት ገጽ ላይ አድርጋችሁ ትሰጣላችሁ። ቁልሉ ሲመለስ ረዳቱ ስም እየጠራ ያድላል፤ የኛን ስም ማንበብ ስለሚያቅተው «ኢቲዮፒያ!» ብሎ ይጮሃል። ፓስፖርቱን ተቀብላችሁ ኪስ ከመክተታችሁ በፊት ግለጡት። ካርዱ አለ? አውቶቡሱ ሳይንቀሳቀስ እዩ። ሳይንቀሳቀስ!

የፍራንክፈርቱ፦ ብሮ ስንት ብር ይበቃል?

ዳዊት፦ ለስንት ሰው? ለስንት ቀን? ሆቴል ነው ሆስቴል? እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?

ሚሚ፦ እኔ ያለኝ ሰማያዊው የስደተኛ ፓስ ነው። እንደናንተው ነው የምታየው?

ዳዊት፦ አይደለም እህቴ። እኔ የማወራው ስለ አገር ፓስፖርት ነው። በሰማያዊው ፓስ አንዱ አገር ይቀበላል፣ ሌላው ቪዛ ይጠይቃል። የእያንዳንዱን ኤምባሲ በኢሜይል ጠይቂና መልሱን አትመሽ ያዢ። ፊክሲዮን የሚባለውን ጊዜያዊ ወረቀት ብቻ የያዛችሁ ደግሞ ካርዱ እስኪመጣ ጠብቁ።

አቤል ከአዲስ አበባ፦ ጋሼ፣ እኔ ያለኝ የሸንገን ቱሪስት ቪዛ ነው። ክሮኤሺያን ጨምሬ ቦስኒያ ብገባስ?

ዳዊት፦ ጎሽ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ቪዛህ ላይ የመግቢያውን ብዛት እይ። «1» የሚል ከሆነ ከክሮኤሺያ የወጣህ ቀን አለቀ፤ አትመለስም። ቦስኒያም ያለ ቪዛ የምታስገባው ብዙ መግቢያ ያለውን ነው። አንድ ነገር ልጨምርልህ። ድሮ ከስፕሊት ወደ ዱብሮቭኒክ የሚሄድ አውቶቡስ ኔዩም በምትባል ከተማ በኩል ቦስኒያ ገብቶ ይወጣ ነበር። የክሮኤሺያ መሬት እዚያ ላይ ስለሚቆረጥ ነው። ከ2022 ጀምሮ የፔልዬሻፅ ድልድይ ተከፍቷል፤ ከክሮኤሺያ ሳትወጣ ትሄዳለህ። ትኬት ስትቆርጥ ግን በየት በኩል እንደሚሄድ ጠይቅ።

ቤቲ፦ ኢንተርሬል የሚባለው የአውሮፓ ባቡሮች ትኬት ያዋጣል?

ዳዊት፦ ለዚህ መንገድ አያዋጣም። ዱብሮቭኒክ ባቡር የሚባል ነገር የለም። ከሳራየቮ ወደ ሰርቢያዋ ቤልግሬድም በአውቶቡስ ነው። አውቶቡስ ደግሞ ቦርሳ ከታች ለማስገባት ለብቻው ያስከፍላል። አንድ ሁለት ዩሮ በሳንቲም በእጃችሁ ይኑር፤ ሹፌሩ የባንክ ካርድ አይቀበልም።

ኑረዲን፦ ሐላል ምግብ ይገኛል ወይስ ቱና በዳቦ ነው?

ዳዊት፦ ሳራየቮ ላይ አታስብ። ባሽቻርሺያ የሚባለው አሮጌው ገበያ መስጊድ በመስጊድ ነው። ቼቫፒ ብላ፤ በትኩስ ዳቦ ውስጥ የሚቀርብ የተጠበሰ የተፈጨ ሥጋ ነው። ቡናቸውም በትንሽ የመዳብ ጀበና ይመጣል። ሌሎቹ አገሮች ግን አሳማ በሽ በሽ ነውና ጠይቀህ ብላ።

ወለተ ማርያም፦ እኛ ነሐሴ ላይ ነው የምናስበው። ፍልሰታን እንዴት አደረጋችሁት?

ዳዊት፦ ሰርቢያ ኦርቶዶክስ ስለሆነች አትቸገሩም። የነሱ ፍልሰታ በፈረንጆች ኦገስት 14 ይገባል፤ የኛ በ7። ስለዚህ ከ14 እስከ 21 አብራችሁ ናችሁ። ምግብ ቤት ገብታችሁ «ፖስኖ» በሉ፣ የጾሙን ያመጣሉ። ፕሬብራናፅ የሚባለው በሽንኩርትና በቀይ በርበሬ ምድጃ ውስጥ የበሰለ ቦሎቄ ግሩም ነው። ተጠንቀቁ፣ ፖስኖ ሲሉ አሳም ይጨምራሉ።

ካሳሁን፦ ታዲያ አሳ ምን አለበት? እኛ ቤት በጾም ይበላ ነበር።

ወለተ ማርያም፦ የናንተ ቤት ሥርዓት ሆነ ማለት ነው?

ካሳሁን፦ ሐይቅ ዳር ተወልደሽ ብታዪው እንዲህ አትይም።

ተክሌ፦ የነፍስ አባትህን ጠይቅ ወንድሜ፤ ካሳሁን የሚባል ሊቅ አላውቅም።

ዳዊት፦ ወገኖቼ፣ አሳውን ለሊቃውንቱ ተዉት። እኔ ስለ አውቶቡስ ነው የማወራው።

የፍራንክፈርቱ፦ እሺ ለሁለት ሰው፣ ለሁለት ሳምንት፣ ሆስቴል። ስንት ብር?

ዳዊት፦ አሁን ሰው ሆንክ። ዱብሮቭኒክ እሳት ናት፤ እዚያ አንድ ሌሊት ብቻ እደሩ። ቦስኒያና ሰርቢያ ከጀርመን ጋር ሲተያዩ ርካሽ ናቸው። የቦስኒያ ማርክ ከዩሮ ጋር የተያያዘ ነው፤ 1 ዩሮ ወደ 1.96 ማርክ ነው። ሞንቴኔግሮ ዩሮ ነው የምትጠቀመው። ስልካችሁን ግን ዝጉ። የጀርመን ሲም ክሮኤሺያን አልፎ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መሥራቱን ኩባንያችሁን ሳትጠይቁ ኢንተርኔት እንዳትከፍቱ።

ሄለን፦ የቦስኒያዋ ሞስታር እንዴት ነው? ድልድዩ?

ዳዊት፦ ያምራል። 1566 ተሠራ፣ 1993 በጦርነቱ ፈረሰ፣ 2004 እንደገና ተከፈተ። ከላዩ የሚዘሉ ልጆች ሳንቲም እስኪሰበሰብላቸው ያስጠብቃሉ። ሰው ስለሚበዛ በጠዋት ሂጂ።

ዮናስ፦ ከሁሉም የቱን አትለፉት ትላለህ?

ዳዊት፦ ይሄን ነበር ስጠብቅ! ከቤልግሬድ ወደ ሞንቴኔግሮዋ ባር ከተማ የሚሄደውን ባቡር። 476 ኪሎ ሜትር ነው፣ በ1976 የተከፈተ። አሥራ አንድ አሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ይዘገያልም፣ እሱን ቻሉት። ዋሻው ከ250 በላይ ነው። ኮላሺን ላይ ከሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናችሁ። ከዚያ ወደ ፖድጎሪፃ ሲወርድ ተራራውን እየተጠማዘዘ ነው። ማላ ሪዬካ የሚባለው ድልድይ ከወንዙ 198 ሜትር ከፍ ይላል። መስኮቱ ስለሚከፈት ሰው ሁሉ አንገቱን ያወጣል፤ እናንተ ስልካችሁን አጥብቃችሁ ያዙ። የሌሊቱን እንዳትይዙ፣ ምንም አታዩም። የቀኑ በሰመር ወራት ነው የሚጨመረው። ሐዲዱ ለጥገና የሚዘጋበት ጊዜም ስላለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ድንበሩ ላይ ፖሊሱ ባቡሩ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያየው። ካርዱ ፓስፖርቱ ውስጥ ተመልሶ መግባቱን እዩ ብያለሁ።

ተክሌ፦ የኛ የድሬዳዋውስ ባቡር ምን ሊባል ነው?

ዳዊት፦ ተክሌ፣ በእናትህ።

ቤቲ፦ ቦርሳችሁ ስንት ኪሎ ነበር?

ዳዊት፦ ከስምንት ኪሎ አትለፉ። በየፌርማታው የምታወጡትና የምታስገቡት እናንተ ናችሁ።

ሳባ፦ ባለቤቱ ነኝ። የሱ ስምንት ኪሎ የሆነው ሽሮውም ድስቱም እኔ ቦርሳ ውስጥ ስለነበረ ነው።

ዳዊት፦ ሽሮው ጠቅሞናል፤ ብዙ ሆስቴል ኩሽና አለው። ቋንጣ ግን ከሞንቴኔግሮ ይዛችሁ ወደ ክሮኤሺያ እንዳትመለሱ። ከኅብረቱ ውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ክልክል ነው።

ሚሚ፦ ኮሶቮንስ ጨምረን ብናይ?

ዳዊት፦ ከሰርቢያ በኋላ ከሆነ ይሻላል። ከሌላ አገር ኮሶቮ ገብታችሁ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሰርቢያ ብትሉ ልትመለሱ ትችላላችሁ፤ ሰርቢያ ያንን እንደ ሕጋዊ መግቢያ አታየውም።

ሮቤል፦ ሰላም፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ቪዛ ያስፈልጋል?

ዳዊት፦ ሮቤል፣ ከላይ ሄለን የጠየቀችውን አንብብ።

ሮቤል፦ አነበብኩ። ካርድ አለኝ፣ ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ያልቃል። እኛ ነሐሴ መጀመሪያ ነው የምንሄደው።

ዳዊት፦ ትኬት ገዝታችኋል?

ሮቤል፦ አልገዛንም።

ዳዊት፦ እንግዲያው አትግዙ። ነገ ጠዋት ለካርዱ ማደሻ ቀጠሮ ያዝ።