ሞዴሌ 6 ሜትር ያለው ውሃ ደረት ላይ ቀረ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ለማስተርስ መመረቂያህ ጀልባ የምትከራይበት በጀት የለህም። በነፃ ከሚገኘው የአውሮፓው ሳተላይት የሴንቲኔል 2 ምስል ጅቡቲ ያለውን የታጁራ ባህረ ሰላጤን ዳርቻ ጥልቀት አውጥተህ፣ ዘዴውን ኋላ ወደ ጣና ማሻገር ትፈልጋለህ። ያስኬዳል ወይ ነው ያልከው። ታጁራ ላይ ቦታ ከመረጥክ ያስኬዳል። ጣና ላይ አያስኬድም። ረጅሙን መልስ ቡናህን ይዘህ አንብበው። እኔ አቡዳቢ ውስጥ የባህር ቅየሳ ስራ ላይ ዓመታት ቆይቻለሁ፤ በዚህ ነገር አንዴ በደንብ ተሸውጃለሁ።

ደሴት የበዛበት፣ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነበር። ምስሉን አወረድኩ። በሶናር፣ ማለትም በድምፅ ሞገድ ጥልቀታቸው የተለካ ጥቂት ነጥቦች ስለነበሩኝ የምስሉን ሰማያዊና አረንጓዴ ባንድ (የብርሃን ክፍል) ይዤ ጥልቀት የሚገምት ሞዴል ሰራሁ። ካርታው ሲያምር! መሃሉ ላይ 6 ሜትር የሚጠልቅ፣ ለጀልባ የተመቸ የሚመስል ቦይ ወጣልኝ። አለቆቼም ወደዱት። ለማረጋገጥ በትንሽ ጀልባ ሄድን። ቦዩ መግቢያ ላይ ሞተሩ አጉረመረመና ጸጥ አለ። ህንዳዊው የጀልባ ነጂያችን ምንም ሳይናገር ሸሚዙን አውልቆ ወረደ። ቆመ። ውሃው ደረቱ ጋ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመውን ሣር እፍኝ ሙሉ አውጥቶ አሳየኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳተላይቱ የሚያየው ብርሃን ብቻ ነው። የፀሐይ ብርሃን ውሃው ውስጥ ገብቶ፣ ወለሉን ነክቶ ይመለሳል። ውሃው እየጠለቀ ሲሄድ የሚመለሰው ያንሳል፣ ምስሉም ይጠቁራል። የባህር ሣርም ጥቁር ነው። ኮምፒዩተሩ ጥልቅ አሸዋ ይሁን ጥልቀት የሌለው ሣር በምን ይወቅ? በፈረንጆቹ 2003 እነ ስተምፍ የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡት የሁለት ባንዶች የሎጋሪዝም ንፅፅር ይህን ችግር ለማቃለል የመጣ ነው። አረንጓዴው ብርሃን ከሰማያዊው ቀድሞ በውሃ ስለሚዋጥ፣ የሁለቱ ንፅፅር ከጥልቀቱ ጋር አብሮ ይቀየራል። የወለሉ ቀለም ተፅዕኖም ይቀንሳል። ጥቅጥቅ ያለ ሣር ላይ ግን እሱም ይስታል። ስለዚህ ሣሩን አስቀድመህ በዓይንህ እያየህ ከምስሉ ላይ ክበበው፤ ከሞዴሉም አስወጣው።

ጀልባ የለኝም ላልከው፣ መፍትሔው የናሳው አይስሳት 2 ነው። በ2018 የመጠቀ ሳተላይት ሲሆን አረንጓዴ ሌዘር ይተኩሳል። ጥሩ ጥርት ያለ ውሃ ላይ የባህሩን ወለል ራሱን ይነካል፤ በጣም በጠራ ቦታ እስከ 40 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ዳታው ነፃ ነው። ችግሩ በመስመር በመስመር ብቻ ነው የሚያልፈው፣ በመሃል ባዶ ነው። አንተ መስመሩን እንደ ሶናር ነጥብ ትወስድና የቀረውን በሴንቲኔል ትሞላዋለህ። አንድ ነገር እንዳትረሳ። ብርሃን ውሃ ውስጥ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ጥሬው ዳታ ወለሉን ከእውነቱ አጥልቆ ያሳያል። በግምት በ0.75 ታባዛለህ፤ 8 ሜትር ያለህ 6 ነው ማለት ነው። ይህን ረስቶ ካርታ ያሳተመ ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልነግርህም፣ አሁንም ሻይ አብረን እንጠጣለን።

ሞዴልህን ስትፈትን ደግሞ ነጥቦቹን በዘፈቀደ ለሁለት አትክፈል። ጎን ለጎን ያሉ ነጥቦች አንድ ዓይነት ስለሆኑ ውጤትህ በሐሰት ያምራል። አንድ ሙሉ መስመር አስቀምጥ፣ ሞዴሉ ፈጽሞ አይየው፣ በመጨረሻ በእሱ ፈትን። እኔ ያን ቀን ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ የጀልባ ነጂያችን ባልረጠበ።

የባህሩን ሙላትና ጉድለት፣ ታይድ የምንለውን፣ አትናቀው። ሴንቲኔል ያለፈበት ሰዓትና አይስሳት ያለፈበት ሰዓት አንድ አይደለም። አንዱ በሙላት ሌላው በጉድለት ከመጣ፣ ስህተቱ ከነፍሱ ካርታህ ውስጥ ይገባል። ሁለቱንም በታይድ ሰንጠረዥ ወደ አንድ መነሻ አምጣቸው። ከባቢ አየሩ ምስሉ ላይ የሚያሳድረውን ተፅዕኖ ለማጥራት እኔ አኮላይት የሚባለውን ፕሮግራም እጠቀማለሁ፤ ነፃ ነው፣ ለውሃም የተሰራ ነው። ምስል ስትመርጥ ደመና የሌለበትን ብቻ ሳይሆን አቧራና የፀሐይ ነጸብራቅ የሌለበትን ፈልግ። ውሃው ላይ ብርማ ሽፋን ካየህ ዝለለው፣ በአምስት ቀን ሌላ ይመጣል። እኛ ጋ ሸማል የሚባለው ነፋስ ከነፈሰ በኋላ ውሃው ስለሚደፈርስ ጥቂት ቀን እንጠብቃለን።

ታጁራ ላይ ያለህ ፈተና ገደሉ ነው። ብዙ ቦታ ከዳር ትንሽ ፈቀቅ ስትል ወለሉ ከስርህ ይጠፋል። የሴንቲኔል አንድ ፒክስል 10 ሜትር በ10 ሜትር ስለሆነ፣ የኮራሉ አናትና ገደሉ እዚያው አንድ ፒክስል ውስጥ ይቀላቀላሉ። በሙሻ ደሴት ዙሪያ ያለውን ውሃ ብትይዝ ይሻልሃል፤ ኮራልም አለ፣ ሰፋ ያለ ጥልቀት የሌለው ቦታም አለ። ባህረ ሰላጤውን በሙሉ እሰራለሁ ብለህ ግን ራስህን አታድክም። እንዲህ የተሰራ ካርታ መርከብ ለመምራት እንደማይሆንም መግቢያህ ላይ ጻፍ፤ መርማሪዎችህ መጀመሪያ የሚጠይቁህ እሱን ነው።

ጣናን በተመለከተ፣ ብርሃኑ ወለል ሳይደርስ ያልቃል። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በክረምት የሚያመጡትን ደለል አስበው። የሐይቁ ጥልቅ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ በዚያ ድፍርስ ውሃ ለሳተላይት 14ም 140ም አንድ ነው። ከፈለግህ በተቃራኒው ሂድ። ሐይቁ ከመስከረም እስከ ሰኔ ዝቅ እያለ ይመጣል። በየወሩ የውሃውን ዳር ከምስል አውጣ፣ የዚያን ቀን የሐይቁን ከፍታ ከራዳር ሳተላይት ወይም ከዳር ካለው መለኪያ ያዝ። እያንዳንዱ ዳር አንድ የከፍታ መስመር ይሆንልሃል። የሚሰጥህ የዳሩን ጠባብ ቀበቶ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን እውነተኛ ልኬት ነው። ሰሜን ምሥራቁ ዳር ላይ ግን ተጠንቀቅ፤ ኮምፒዩተሩ እምቦጩን መሬት ብሎ ይይዝብሃል።