ለሩቅ አገር የሃይማኖት ጦርነት «ቅዱስ» ማለት ይገባል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። ባለፈው እሑድ እኛ ቤት ቡና ላይ ክርክር ተነሣ። ወሬው ስለ ሶርያ ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛዬ «ሩሲያ ኦርቶዶክስ አገር ናት፤ ሶርያ የዘመተችው ክርስቲያኖችን ለማዳን ነው፤ ስለዚህ ጦርነቷ ቅዱስ ነበር» አለ። ሌላው ደግሞ «በማያገባት ገብታ ነው» ብሎ ተከራከረው። እኔ ከጓደኛዬ ጋር ወገንኩ። የእናቴ ወንድም ሙስሊም ነው፤ አብሮን ተቀምጦ ነበር። አንድም ቃል ሳይናገር፣ በረካውን ሳይጠጣ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ውስጤ ሰላም የለውም። አንድ አገር ጦሯን ወደ ሩቅ የሃይማኖት ጠብ ስትልክ ክርስቲያን መደገፍ ይገባዋል? የእምነት ወንድሞቻችን ሲገደሉ ዝም ማለትስ ኃጢአት አይሆንም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። በረካ ሳይጠጣ የወጣ ዘመድ እኛ ወሎ ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የጓደኛህን ስሜት አላቃልልም። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ሊቢያ ውስጥ በባሕር ዳርቻና በበረሃ አይሲስ ወንድሞቻችንን ስለ ክርስትናቸው ሲገድል ሁላችንም አይተናል። ያን ሰሞን እኔም አልቅሻለሁ፤ ተቆጥቻለሁም። «ደማቸውን የሚመልስ የለም ወይ?» ብያለሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ መስከረም 2008 ዓ.ም. ላይ፣ የሩሲያ አውሮፕላኖች ሶርያን መደብደብ ጀመሩ። ከሞስኮም አንድ የቤተ ክርስቲያን ቃል አቀባይ ውጊያውን «ቅዱስ» አሉት። የብዙ ወጣቶቻችን ልብ በዚህ ቃል ቢሞቅ አልገረመኝም።

ግን ጦርነቱ እንዴት እንደ ተነሣ እንይ። መጋቢት 2003 ዓ.ም. ሲጀመር የክርስቲያንና የሙስሊም ጠብ አልነበረም። ሕዝብ በመንግሥቱ ላይ ወጣ፤ መንግሥቱ በጥይት መለሰ። ሥልጣኑን ይዞ የነበረው የአሳድ ቤተሰብ ከአላዊት ወገን ነው፤ አላዊት ከሺዓ የወጣ አነስተኛ ወገን ነው። ከሕዝቡ የሚበዛው ሱኒ ነው። ኢራንና የሊባኖሱ ታጣቂ ቡድን ሂዝቦላህ ለመንግሥቱ አገዙ። ቱርክ፣ ሳዑዲና ኳታር ለአማፂያኑ አገዙ። አሜሪካም አይሲስን ለመምታት በአየር ገባች። ሩሲያ ደግሞ በጠርጡስ ወደብ የባሕር ኃይል ሰፈር ነበራት። ሁሉም የየራሱን ሒሳብ ይዞ ነው የመጣው። በ2009 ዓ.ም. መግቢያ ምሥራቅ አሌፖ ስትደበደብ ፍርስራሽ ሥር የቀሩት ሕፃናት ምን በድለው ነው? ቦምቡን «ቅዱስ» ካልነው፣ የእነሱን ሞት ምን ልንለው ነው?

አሁን ወንጌሉን ክፈት። ሉቃስ ምዕራፍ 9፣ ከቁጥር 51 ጀምረህ አንብብ። ጌታ ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ የሳምራውያን መንደር አልቀበልም አለው። አይሁድና ሳምራውያን እኮ ሩቅ ለሩቅ አልነበሩም። የሙሴን ሕግ ሁለቱም ያነባሉ። የተጣሉት በየትኛው ተራራ እንስገድ በሚለው ነው። እንግዲህ ዛሬ የምንከራከርበት ዓይነት ጠብ መካከል ነው ጌታ የቆመው። ያዕቆብና ዮሐንስ «እሳት ከሰማይ ወርዶ ያጥፋቸው ብለን እንድናዝ ትወዳለህን?» አሉ። ይህን ያሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንዱ፣ ዮሐንስ፣ ፍቁረ እግዚእ የተባለው ነው። ያሉትም ለጌታቸው ቀንተው ነው። እሱ ግን ዘወር ብሎ ገሠጻቸው። ምን ዓይነት መንፈስ እንዳደረባችሁ አታውቁም፤ የሰው ልጅ የመጣው ነፍስ ሊያድን ነው እንጂ ሊያጠፋ አይደለም አላቸው። ከዚያም ወደ ሌላ መንደር ሄዱ። እኔ ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው፦ ለጌታ መቅናትም ሊያስገሥጽ ይችላል።

ታዲያ ወታደር መሆን ኃጢአት ነው? አይደለም። ወታደሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ ቀርበው «እኛስ ምን እናድርግ?» ሲሉት ግፍ አትሥሩ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው እንጂ ጦራችሁን ጣሉ አላለም። ሐዋርያው ጳውሎስም ባለ ሥልጣን በከንቱ ሰይፍ አይታጠቅም ብሏል። ግን ቅዱስ ባስልዮስን ደግሞ ስማው። በጦርነት የገደለን ሰው ከነፍሰ ገዳይ አልቆጠረውም፤ ሆኖም እጁ ንጹሕ ስላልሆነ ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቁርባን ይቆይ ብሎ መክሯል። አባቶቻችን ጦርነትን አንዳንዴ ግድ ሊሆን የሚችል ነገር አድርገው አዩት። ቅዱስ ግን አላሉትም።

ስለዚህ አንድ መንግሥት የተጠቃ ለማዳን ሩቅ መዝመት ይችላል ወይ ብትለኝ፣ እንዲህ ያለ ጊዜ ሊኖር ይችላል እላለሁ። ይገባል አይገባም በሚለው ላይ ሁለት ደግ ክርስቲያኖች ሊለያዩ ይችላሉ፤ ያ ንስሐ የሚያስገባ ጉዳይ አይደለም። የእኔን ከጠየቅከኝ ግን፣ ሁለት የእምነት ወገኖች ሲጣሉ ለአንዱ ወግኖ በጦር መግባትን አልደግፍም። መጽሐፈ ምሳሌ በማይመለከተው ጠብ የሚገባ ሰው የውሻ ጆሮ እንደ ያዘ ነው ይላል። መያዙ ቀላል ነው። መልቀቁ ነው ጭንቁ። የእኛ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ አበጋሮች፣ ደም ለማድረቅ ሲቀመጡ የአንዱን ወገን ጠመንጃ ተሸክመው አይመጡም። ቢመጡ ማን ይሰማቸዋል?

ደግሞ ፍሬውን እይ። ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ሁለት የአሌፖ ሊቃነ ጳጳሳት፣ አቡነ ዮሐና ኢብራሂምና አቡነ ቡሎስ ያዚጂ፣ ታገቱ። ከሁሉም አቅጣጫ ያ ሁሉ ጦር ሶርያን አጥለቅልቆም አልተገኙም። ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም. መንግሥቱ ወድቆ ፕሬዚዳንቱ አሳድ ሸሽቶ ሞስኮ ገባ። ክርስቲያኑ ሕዝብ የት ይግባ? እዚያው ቀረ፣ ከጎረቤቱ ጋር። የካቲት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በባሕር ዳርቻው ከሺህ በላይ ሰው ተገደለ፤ የሚበዙት አላዊቶች ነበሩ። ሰኔ 15 ቀን ደግሞ ደማስቆ በማር ኤልያስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ ቦምብ ፈንድቶ ሃያ አምስት ምእመናን አለቁ። አንዱ የሌላው ውጤት ነው አልልህም። ግን አድን ነኝ ብሎ ከሩቅ የመጣ ጦር አንድ ቀን አገሩ ይገባል። ጎረቤት ይቀራል።

ይህን ለመማር ሶርያ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ቦሩ ሜዳ ከደሴ አፍንጫ ሥር ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ ጠሩ። የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው ናቸው። ዐፄ ዮሐንስን አልሰድብም፤ አገር አንድ ትሁን ብለው ነው ያሰቡት። ግን ስንቱ ተሰደደ፣ የወሎው የእስልምና መምህር ሼህ ጦልሃ ሸፈቱ፣ ስንቱ ቀን ክርስቲያን ማታ እስላም ሆኖ ኖረ። ጥምቀት የፍቅር ምሥጢር ነው፤ በሰይፍ ሲሆን ምን እንደሚመስል የእኛ አያቶች አይተዋል። የአጎትህ ዝምታ ከየት እንደ መጣ አሁን ሳይገባህ አይቀርም። አንተ ስለ ሶርያ ስታወራ እሱ ስለ ራሱ ቤት ነው የሰማው።

ዝም ማለትስ ኃጢአት አይደለም ወይ ላልከው፣ አዎ፣ ኃጢአት ነው። ዝም አትበል። የሶርያ ቤተ ክርስቲያን በሃይማኖት እኅታችን ናት። ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉት በአንጾኪያ ነው። ጳውሎስ ዓይኑ የበራው በደማስቆ ነው። አባታችን ሰላማ ከሣቴ ብርሃንም የመጡት ከዚያው አካባቢ፣ ከጢሮስ ነው። በቅዳሴ «በእንተ ሰላም» ሲባል እነዚያን ሁለት ጳጳሳት በልብህ በስማቸው ጥራ። ግን ለታረደው ክርስቲያን ያለቀስክበት ዓይን ለታረደው አላዊትና ለሱኒው ሕፃንም ያልቅስ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ተፈናቃይ ያበላን ሰው መስቀሉን ነው ወይስ የጸሎት መቁጠሪያውን፣ ሙስበሐውን፣ ነው ያየው? አንተ እዚያው ነበርክ፤ ታውቀዋለህ።

አጎትህ ጋ ዛሬውኑ ሂድ። ነገ አትበል። ክርክሩን አትድገመው፤ «አጎቴ፣ አስቀይሜሃለሁ፣ አውፍ በለኝ» በለው። «አብሽር» ይልሃል፤ አውቃለሁ። እሑድ እናትህ ቡና ታፍላ። ጓደኛህንም ጥራው። በረካው እስኪቀዳ ማንም እንዳይነሣ።