መልስ ለእህታችን፦ ባክቴሪያው ጫፍ ላይ ስለሚያበራው ነጥብ

እህቴ፣ «ኪ-ዚ ላይ ጂኤፍፒ አስሬ ኢ. ኮላይ ውስጥ ሳየው ጫፍና ጫፉ ላይ ብቻ ያበራል፤ ቦታው እዚያ ነው ብዬ ቴሲሴ ላይ ልጻፍ ወይ?» ብለሻል። ለማያውቅ፦ ኪ-ዚ የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ወዴት እንደሚዋኝ ከሚወስኑት ፕሮቲኖች አንዱ ነው፤ ጂኤፍፒ ደግሞ ቦታውን ለማየት የሚለጠፍ፣ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን። ገና ነው፣ አትጻፊ። በዙሪያው ያለውን ኬሚካል የሚያሸቱለት ሬሴፕተሮች ጫፍ ላይ እንደሚሰበሰቡ ማዶክና ሻፒሮ በ1993 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ኪ-ዚም እዚያው ተጠግቶ፣ ኪ-ኤ የተባለው ፕሮቲን ለሌላው፣ ለኪ-ዋይ፣ የሰጠውን ፎስፌት እንደሚያነሳ የታወቀ ነው። ችግሩ ቆሻሻም እዚያው ጫፍ ላይ መከማቸቱ ነው። እኔም የሠራሁት ኪ-ዚ ላይ ስለሆነ ስሚኝ።

1. አራቢኖሱን (ፕሮቲኑ እንዲመረት የሚያዘውን ስኳር) ቀንሺ። ሲበዛበት ሴሉ ፕሮቲኑን ያለ ልክ ያመርታል፤ በትክክል ያልታጠፈው ይጓጉላል፤ መሀሉን ዲኤንኤው ስለያዘው ጉዱ ሁሉ ወደ ጫፍ ይገፋል። ነጥቡን በዓይን አይቶ ይሄ እውነተኛ፣ ያ ጉድፍ ማለት አይቻልም። አማካሪሽ «ቆንጆ ፎቶ ነው፣ ጻፊው» ቢሉሽም እሺ አትበዪ፤ የኔም ብለው ነበር፣ እምቢ አልኩ።

2. ጂኤፍፒሽ የትኛው ነው? ተራው እርስ በርሱ መጣበቅ ይወዳል። ኤምሬቢ የተባለው ሌላ ፕሮቲን ኢ. ኮላይ ውስጥ እንደ ሞላ ተጠምዝዞ ይታያል ሲባል ተኖሮ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ጥምዝዙ ከተለጠፈበት መለያ የመጣ መሆኑ ታወቀ። የሚሻለው 206ኛው አሚኖ አሲድ፣ አላኒን፣ በላይሲን የተተካበት ነው። እሱን ለመሥራት ፕራይመር (አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ይገዛልኝ ብዬ ግዥ ክፍል ሄድኩልሽ። ሰውዬው ቀና እንኳ ሳይል «ሦስት ፕሮፎርማ»። ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ሦስት አቅራቢ ከየት ይምጣ? ማመልከቻዬን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ጀርም ውስጥ መብራት ለማብራት ነው ይሄ ሁሉ ብር? እኛ እዚህ ቱሉ ዲምቱ መብራት ሄዶብን ተቀምጠናል!» ብሎ ቢሮውን አሳቀብኝ። ደብዳቤዬ እስከዛሬ እዚያው ይሆናል።

ውጭ ያለ ጓደኛዬ ነው የገላገለኝ። ፕላዝሚዱን (ጂኑን የተሸከመውን ክብ ዲኤንኤ) ማጣሪያ ወረቀት ላይ አንጠብጥቦ፣ አድርቆ፣ ዙሪያውን በእርሳስ ከቦ በተራ ፖስታ ላከልኝ። ክቡን ቆርጬ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፣ ውሃውን ለሴሎቹ ሰጠኋቸው፣ በማግስቱ ኮሎኒ በኮሎኒ!

ከዚያ ወሳኙ ነገር፦ ያንኑ ፕላዝሚድ ኪ-ኤ የሌለው ዝርያ ውስጥ ክተቺው። ኪ-ዚን ጫፍ ላይ የሚይዘው ኪ-ኤ ነው፤ አጭሩ ቅጂው። እሱ ሲጠፋ ብርሃኑ ሴሉን ሙሉ መበተን አለበት። የኔ ተበተነ፤ ፈታኞቹ ያቺን ፎቶ ካዩ በኋላ ስለ ጫፉ የጠየቀኝ የለም። ያንቺ እንደ ደመቀ ከቀረ ግን ጉድፍ ነው፣ አትድከሚበት። ኪ-ዚ የሌለው ዝርያ ውስጥም አስገቢና 0.3 በመቶ አጋር (ለስላሳ ጄል) ላይ ጠብ አድርጊው፤ ሴሉ እየዋኘ፣ እየሰፋ የሚሄድ ቀለበት ካልሠራ መለያው ፕሮቲኑን ሰንክሎታል።

ማይክሮስኮፑ መሀል ከተማ ከሆነ ደግሞ የትናንቱን ሴል ይዘሽ ሚኒባስ አትሳፈሪ፤ ያረጀ ሴል ጫፉ ላይ ጓል ያጠራቅማል። እዚያው አሳድገሽ በሕይወቱ እያለ እይው።

ወረቀቱ አሁንም አለኝ፣ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ፕሮፎርማ አልጠይቅሽም።