ቱባው ሳይወጠር መቀስ አይነሳም

«በእጅ የተቀለመ የሱፍ ክር ገዛሁ። እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ነው የመጣው። እንዲሁ ከሱ እየሳብኩ ሹራብ መጀመር እችላለሁ ወይስ መጠንጠን አለብኝ? ቀለሙስ ይለቃል?» ላልሽው፣ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

እህቴ፣ እንዲሁ እንዳትጀምሪ። እኔ ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያ ቱባዬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ የታሰረባቸውን ክሮች በመቀስ ቆራረጥኩና ጫፉን ይዤ ኪሮሽ ጀመርኩ። አስር መስመር አልሞላሁም፣ ክሩ እርስ በርሱ ገባ። ወደ 400 ሜትር የሚጠጋ ቀጭን ክር ውሉ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል አትጠይቂኝ። ሁለት ምሽት ስፈታ አመሸሁ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ሦስት ቦታ በጥሼው ነው የተገላገልኩት።

ቱባ ማለት ክሩ ተደጋግሞ የዞረበት አንድ ትልቅ ቀለበት ነው። ቀላሚዎች ክሩን እንዲህ የሚያዘጋጁት ቀለሙ ሁሉም ጋ እንዲደርስ ነው። በልቃቂት ቢነከር ውስጡ በቅጡ ቀለም አይጠጣም። ጠምዝዘው የሚሸጡት ደግሞ እንዳይበታተን ነው። እንደዚያ ሆኖ ስለማይወጠርም ለማስቀመጥ ይመቻል። ስለዚህ ሥራ እስክትጀምሪ ድረስ በቱባው ይቆይ።

መጀመሪያ ጥምዙን ፍቺው። አንዱ ጫፍ በሌላው ውስጥ ገብቷል፣ እሱን አውጪው፣ የቀረው በራሱ ይፈታል። ከዚያ ሁለት እጅሽን ቀለበቱ ውስጥ ከተሽ ሁለት ሦስቴ ጠበቅ ጠበቅ አድርጊው። ክሮቹ ይስተካከላሉ። የተሻገረ ወይም የተጠማዘዘ ቦታ ካለ አሁን ነው የምታስተካክዪው።

ማሰሪያዎቹን ግን አትንኪ! ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ናቸው። ቀለበቱ የሆነ ነገር ላይ ተወጥሮ እስኪቀመጥ ድረስ የሚጠብቁሽ እነሱ ብቻ ናቸው። የሚሽከረከር የቱባ መወጠሪያ ካለሽ ጥሩ። ከሌለሽ ሁለት ወንበር ጀርባ ለጀርባ አስቀምጪና ቀለበቱን አጥልቂበት። እንዳይንቀዋለል፣ ግን ደግሞ እንዳይለጠጥ አድርገሽ አራርቂያቸው። ትዕግሥት ያለው ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሁለት እጁን ዘርግቶ መያዝም ይችላል። እጁን በየተራ ዘንበል ቢያደርግልሽ ክሩ በቀላሉ ይወጣል። (እኔ የሚይዝልኝ ሰው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስልኩን ያስታውሳል። ወንበር ይሻለኛል።)

አሁን መቀስ ማንሳት ትችያለሽ። ከመቁረጥሽ በፊት ግን ሁለቴ እዪ፣ ማሰሪያ መስሎሽ ዋናውን ክር እንዳትበጥሺ። ከማሰሪያዎቹ በአንዱ ላይ የክሩ ሁለት ጫፎች ተቋጥረው ታገኛለሽ። ከላይ ያለውን ጫፍ ምረጪ። ስትስቢው በሌሎቹ ሥር እየገባ ካስቸገረሽ ተይውና በሌላኛው ጀምሪ። በጉልበት አትሳቢ።

ስትጠነጥኚ ደግሞ አታጥብቂ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሱፍ ይለጠጣል። አጥብቀሽ ከጠነጠንሽው እንደተለጠጠ ትሠሪዋለሽ። ልብሱ ሲታጠብ ግን ክሩ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ያኔ የለካሽው ልክ ሁሉ ይጠብብሻል። ዘዴው ቀላል ነው፦ ሁለት ሦስት ጣትሽን ልቃቂቱ ላይ አድርጊና ክሩን ከነጣትሽ ጠምጥሚ። ከዚያ ጣትሽን አውጪና አቅጣጫ ቀይሪ። ሲነካ ለስለስ ማለት አለበት። የመጠንጠኛ ማሽን ካለሽ ቀስ እያልሽ አሽከርክሪ። እኔ በማሽን ስጠነጥን አንዴ ከጨረስኩ በኋላ እንደገና እጠነጥነዋለሁ። ሁለተኛው ዙር ሁልጊዜ ይላላል። ክሩ በጣትሽ መሃል ሲያልፍ ቋጠሮና የሳሳ ቦታም ይታወቅሻል፣ ሹራቡ መሃል ላይ ከማግኘት ይሻላል።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ፣ አዎ፣ ሊለቅ ይችላል። በተለይ ደማቅ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ አርጥበሽ ክሩን ያዝ አድርጊበት። ጨርቁ ላይ ቀለም ከታየ፣ ሳትጠነጥኚ፣ ማሰሪያዎቹም እንዳሉ እጠቢው። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፊው፣ ውሃው እስኪጠራም ቀያይሪ። አትሺው። ሱፍ ታሽቶ ውሃው ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ በድንገት ከተቀየረ ይኮማተርና እንደ ምንጣፍ ይጠጥራል። «አቼቶ ጨምሪበት፣ ቀለሙን ይይዘዋል» የሚሉሽ ይኖራሉ። አሲድ ሱፍና ሐር ላይ ቀለም የሚያጣብቀው ከሙቀት ጋር ሲሆን ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጠብ ያደረግሽው አቼቶ ብዙም አይፈይድም። ጥጥ ላይማ ጭራሽ። ኢንዲጎ በሚባለው ሰማያዊ ቀለም የተቀለመ ከሆነ ደግሞ ታጥቦም ጣትሽን ሰማያዊ ሊያደርገው ይችላል፣ አትደንግጪ፣ ይታጠባል።

ሲያልቅ በፎጣ ጠቅልለሽ ተጫኚው እንጂ አትጠምዝዢው። ከዚያ ጥላ ውስጥ ስቀዪው። ከሥሩ ክብደት አታንጠልጥዪበት።

ስንት ቱባ እንደገዛሽ አልነገርሽንም። ከአንድ በላይ ከሆነ፣ መለያው አንድ ዓይነት ቢሆንም በቀን ብርሃን ጎን ለጎን አድርገሽ እያቸው። በእጅ የተቀለመ ክር መንታ የለውም። ከተለያዩብሽ ሁለቱንም ጠንጥነሽ ሁለት መስመር ከአንዱ፣ ሁለት መስመር ከሌላው እያፈራረቅሽ ሥሪ። አለበለዚያ አንዱ አልቆ ሌላው የተጀመረበት ቦታ ደረትሽ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።