የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ታካሚን መጠየቅና መመርመር

ጥያቄ፦ በፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ፣ በተመላላሽ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። በትምህርት ላይ ሳለን የሕመም ታሪክን ከዋናው ሕመም ጀምረን እስከ ቤተሰብ ታሪክ ድረስ በቅደም ተከተል እንድንጠይቅ ተምረናል። እዚህ ግን ወረፋው ከበሩ አልፎ ኮሪደሩን ይሞላዋል። አንዳንዱ ታካሚ «እንዴት ነዎት?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብሎ ዝም ይላል፤ ሌላው ደግሞ ከዓምናው ሠርግ ይጀምርልኛል። በዚህ ሁኔታ የተሟላ ታሪክ መውሰድ ይቻላልን?

መልስ፦ ይቻላል። ነገር ግን በቅድሚያ መስተካከል ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። «እንዴት ነዎት?» ሰላምታ በመሆኑ ታካሚው የሚሰጥዎት የሰላምታውን መልስ ነው፤ በጠና የታመመ ሰው እንኳ ፈጣሪውን ሳያመሰግን «አሞኛል» ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ ሰላምታውን በወጉ ካደረሱ፣ አረጋውያኑን «አባባ» ወይም «እማማ» ብለው ካስቀመጡና ራስዎን ካስተዋወቁ በኋላ «ዛሬ ወደዚህ ያመጣዎት ሕመም ምንድን ነው? ከጀመረበት ይንገሩኝ» ይበሉና ዝም ብለው ያዳምጡ። በእርግጥ ትንፋሽ ያጠረው፣ ደረቱን የሚጫነው ወይም ራሱን የሳተ ሰው ሲመጣ ታሪኩ ይቆየን፤ እርሱ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚሄድ ነው።

ዝም ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሐኪሞች የታካሚውን ንግግር ገና ከጀመረ በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡት አሳይቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1975 በእንግሊዝ አገር በ80 አዲስ ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ፣ የሪፈር ደብዳቤው ተነቦ ታሪኩ ከተወሰደ በኋላ ሐኪሞቹ የገመቱት በሽታ በ66ቱ ላይ ከመጨረሻው ውጤት ጋር የተስማማ ሲሆን፣ የአካል ምርመራው ግምቱን የለወጠው በ7ቱ፣ ላቦራቶሪውም በ7ቱ ብቻ ነበር። ይህን የምጠቅሰው ላቦራቶሪን ለማሳነስ አይደለም፤ በታሪኩ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ ከሁሉም በላይ የሚያተርፍ መሆኑን ለማሳየት ነው። ታካሚው ሲጨርስ «ሌላስ የሚሰማዎት አለ?» ብለው መጨመርዎን አይርሱ፤ ብዙ ሰው ዋናውን ጉዳይ የሚያወጣው ካርዱን ይዞ ሊነሣ ሲል ነውና።

ከዓምናው ሠርግ የሚጀምረውንም ቢሆን ወዲያው አይቁረጡት። በአገራችን ሰው ሕመሙ የጀመረበትን ቀን በቁጥር ላያስታውስ ይችላል፤ «ከመስቀል በፊት ነው ወይስ በኋላ?»፣ «ፍልሰታን ጾመው ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ሳምንቱን ሳይቀር ያገኘዋል። ለሳል ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የአክታ ምርመራ የሚያስፈልገው ነው። ወሬው ከመስመር ሲወጣ ደግሞ «እስካሁን የነገሩኝን ልድገመው፣ የሳትኩት ካለ ያርሙኝ» በማለት ታካሚው ሳይከፋው መመለስ ይቻላል።

ታካሚው የበሽታውን ስም ይዞ ሲመጣ ስሙን ተቀብለው ካርድ ላይ አያስፍሩት። «ኩላሊቴን ነው» የሚለው ሰው እጁን የሚያሳርፈው አብዛኛውን ጊዜ ወገቡ ላይ ነው፤ «ጨጓራዬ ነው» የሚለው አረጋዊ ከእንብርት በላይ የሚሰማው ማቃጠል ከልብ የመነጨ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «በእጅዎ ያሳዩኝ» ይበሉ፤ ሲሄዱ ወይም ዳገት ሲወጡ ይብስ እንደሆነ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ይሄድ እንደሆነ፣ ላብ ያጠምቅ እንደሆነ አንድ በአንድ ይጠይቁ። አንድ በአንድ ማለቴን ልብ ይበሉ፤ «ሳል፣ ትኩሳት፣ ላብ፣ ክብደት መቀነስ አለ?» ተብሎ ባንድ ትንፋሽ ለተጠየቀ ሰው «የለም» የሚለው መልስ ከአራቱ የትኛውን እንደሚመለከት ማንም አያውቅም።

ጥቂት ጥያቄዎች ግን ሳይጠየቁ መታለፍ የለባቸውም። ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው በቅርቡ ከከተማ ወጥቶ እንደሆነ ይጠይቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ወባ እዚህ እንደ ቆላው አይተላለፍም፤ ከጋምቤላ ወይም ከመተማ ተሳፍሮ አውቶቡስ ተራ የወረደ ሰው ግን በሽታውን በደሙ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለ መጠጥ ሲጠይቁ «አልኮል ይጠጣሉ?» ከማለት ጠላውን፣ ጠጁን፣ አረቄውን፣ ቢራውን በየስሙ ይጥሩ፤ ጠላን ከመጠጥ የማይቆጥር ብዙ ነው። ስለ ጫትም እንዲሁ። «ቤት ውስጥ ምን ሞከሩ?» የሚለው ጥያቄ ዳማከሴውንም፣ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የተገዛውን ፀረ ተሕዋስያንም ያወጣል፤ ጸበል የገባ ሰው መድኃኒቱን አቋርጦ እንደሆነና በጾም ወቅት እንክብሉን በስንት ሰዓት እንደሚውጥም ይጠይቁ። ይህ ሁሉ ያለ ቁጣና ያለ ፊት ማጥቆር መሆን አለበት፤ አንዴ የተቆጡት ታካሚ በሚቀጥለው ጊዜ የሚነግርዎት መስማት የሚፈልጉትን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የአንዲትን እናት የደም ግፊት 152/94 ብዬ መዘገብኩ፤ ጤና መኮንኑ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለክቶ 134/84 አገኘ። መሣሪያው አንድ ነው። ከሁለታችን የተሳሳተው ማን ነው?

መልስ፦ ምናልባት ማናችሁም። ሁለታችሁ የለካችሁት አንድን ሴት በሁለት የተለያየ ሁኔታ ላይ እያለች ነው። እኚህ እናት ደረጃ ወጥተው፣ ወረፋ ቆመው፣ ምናልባትም ከቤት ሲወጡ ሁለተኛውን ቡና ጠጥተው እርስዎ ፊት እንደተቀመጡ ከተለኩ ቁጥሩ ከፍ ቢል አይደንቅም። ከመለካት በፊት ቢያንስ አምስት ደቂቃ በጸጥታ መቀመጥ፣ ከቡናና ከሲጋራም ግማሽ ሰዓት መራቅ ያስፈልጋል። ጀርባ ወንበሩን ይደገፍ፤ እግሮች ሳይጠላለፉ መሬት ይርገጡ፤ ክንድ በልብ ትክክል ከፍ ብሎ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። የሹራብን እጅጌ ሽቅብ ጠቅልሎ ክንድን ማነቅ በብርዳማው ወቅት የምናየው ስሕተት ነው፤ እጅጌው ይውለቅ። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ጨርቅ መጠቅለል ግፊቱን ከእውነቱ በላይ ያሳያል፤ ሽንት የያዘው ሰውም ይሸና። ከሁሉ በላይ እየለኩ አያነጋግሯቸው። ታሪክ መውሰድንና ግፊት መለካትን ባንድ ላይ በማስኬድ ጊዜ የቆጠቡ ይመስልዎታል እንጂ ያገኙት ቁጥር አይታመንም።

በእጅ በሚነፋው መሣሪያ የሚሠሩ ከሆነ በቅድሚያ የእጅ አንጓ ትርታን እየዳሰሱ ይንፉ፤ ትርታው ከጠፋበት 30 ያህል ጨምረው፣ ከዚያ በማዳመጫው እየሰሙ በሰከንድ 2 ሚሊሜትር ገደማ ያውርዱ። ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይድገሙት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣን ታካሚ ሁለቱንም ክንድ ይለኩና ወደፊት ከፍ ያለውን ክንድ ይጠቀሙ። ግፊቱ በሁለት የተለያዩ ቀናት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ካልሆነ በስተቀር፣ ቁጥሩ እጅግ ከፍ ያለ ወይም የአደጋ ምልክት ያለበት ካልሆነ፣ ማንንም «የደም ግፊት በሽተኛ ነዎት» ብሎ ማሰናበት አይገባም።

እግረ መንገዴን ስለ ትንፋሽ ልጨምር። በብዙ ካርድ ላይ የትንፋሽ ቁጥር ለሁሉም ታካሚ 20 ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ ልኬት ሳይሆን ልማድ ነው። የእጅ አንጓውን እንደያዙ፣ ታካሚው የትርታ ቆጠራው ያላለቀ መስሎት ሳለ፣ ደረቱን እያዩ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ እንደሚቆጠርበት ያወቀ ሰው አተነፋፈሱን ይለውጣልና።

ጥያቄ፦ አስታማሚዎች ታካሚዋን ቀድመው ጥያቄዬን ይመልሳሉ። በተለይ ባልና አማት ሲሆኑ ማስወጣት ያሳፍረኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለአንዷ ተብሎ የተደረገ እንዳይመስል ለሁሉም የሚሠራ ደንብ ያድርጉት። «በዚህ ክፍል እያንዳንዱን ታካሚ ጥቂት ደቂቃ ለብቻው ነው የምናየው፤ ከዚያ እርስዎንም እንጠራለን» ቢባል የሚቆጣ አስታማሚ ጥቂት ነው። የመጨረሻው የወር አበባ የመጣበት ቀን፣ የቀድሞ ውርጃ፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ፣ በቤት ውስጥ መመታት፣ እነዚህ አማት ፊት የሚጠየቁ አይደሉም። ከዚያ አስታማሚው እንደተባለው ይጠራ፤ መድኃኒቱ በትክክል ስለ መወሰዱና ሌሊት ስለሚሆነው ነገር ብዙ ጊዜ ከታካሚዋ ይልቅ የሚያውቀው እርሱ ነው። ታካሚዋ አማርኛ የማትናገር ከሆነ ልጇን አስተርጓሚ አያድርጉ፤ ቋንቋዋን የሚያውቅ ባልደረባ ይጥሩ፤ ቃሉን ሲያስተረጉሙም ዓይንዎ በአስተርጓሚው ላይ ሳይሆን በእርሷ ላይ ይሁን።