ባለቤቴ ለወንድሜ ሠርግ ያበረከተው ሮሌክስ ኮፒ ሆኖ ተገኘ

ጥያቄ

ዶክተር፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴ አገር ቤት የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። እዚህ ከመጣን ጀምሮ ዋሽንግተን መሀል ከተማ ፓርኪንግ ነው የሚሠራው። ደህና ሰው ነው። አይጠጣም፣ ከሥራ ወደ ቤት ነው። ግን አንድ አመል አለው። የታዋቂ ሰዓቶችን ኮፒ ይሰበስባል። ሮሌክስ፣ ኦሜጋ፣ ፓቴክ ፊሊፕ የሚል የተጻፈባቸው 11 ሰዓቶች አሉት። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ያነጥፋል፣ አጉሊ መነጽር አንድ ዓይኑ ላይ ይሰካል፣ ከዚያ መፈታታት ነው። የቻይናውን ሞተር አውጥቶ የጃፓን ያስገባል፣ መስታወት ይቀይራል። ቤተ ክርስቲያንም ማኅበርም ሲሄድ አስሮት ነው። ሰው ሲያደንቅለት «ኮፒ ነው» ብሎ አያውቅም።

አምና ለወንድሜ ሠርግ አዲስ አበባ ሄድን። በቅልቅሉ ዕለት ባለቤቴ ሰው ሁሉ እያየ ሮሌክሱን ከእጁ ፈትቶ ለወንድሜ አሰረለት። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። እናቴ አለቀሰች። እኔ ኮፒ መሆኑን እያወቅሁ ዝም አልኩ። በቅርቡ የወንድሜ ሚስት በኦፕሬሽን ወለደች። ገንዘብ ሲቸግራቸው ሰዓቱን ሊሸጥ ወሰደው። ሰዓት ሠሪው ከኋላ ከፍቶ አየውና «ወንድም፣ ይሄ ኮፒ ነው» አለው። ወንድሜ ደውሎ ነገረኝ። «ለባልሽ እንዳትነግሪው፣ ይሸማቀቃል» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የባለቤቴን እጅ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል። የ9 ዓመት ልጃችን ደግሞ ትምህርት ቤት «አባቴ ሮሌክስ አለው» እያለ ያወራል። አንድ ቀን ተናድጄ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አልኩት። ሁለት ቀን አላናገረኝም። ሰዓቶቹን ሰብስቤ ልጣላቸው? ወይስ ወንድሜ እንዳለው ዝም ልበል?

መልስ

እህቴ፣ ሰዓቶቹን አትጣያቸው። ዝምም አትበይ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ወንድምሽ ነው። ሚስቱ ገና ከኦፕሬሽን ተነስታለች፣ ገንዘብ ጎድሎታል፣ ያቺን ሰዓት ተስፋ አድርጎ ሱቅ ገባ። እዚያ የሰማውን ሰምቶ ወጣ። እንዲያም ሆኖ የተጨነቀው ለባልሽ ነው። እንዲህ ያለ ወንድም ስላለሽ ደስ ይበልሽ። ግን በአንቺ ላይ የጣለው ሸክም ትክክል አይደለም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ባልሽ የሚያደርጋቸውን ነገሮች እንለያያቸው። ንዴትሽ አንድ ላይ አስሮ ይዟቸዋል። ሰዓት መፈታታቱ አንድ ነገር ነው። ኮፒ አስሮ ሰው መሀል መውጣቱ ሌላ ነው። ለወንድምሽ መስጠቱ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው።

ስለ እጅ ሥራው ካነሳን፣ ባልሽ የሚሠራው ቀላል ነገር አይደለም። ሜካኒካል ሰዓት ውስጥ ጠቋሚዎቹን ሳይጭሩ ማንሳት፣ መልሶ ሲገጥሙም ቀኑ ልክ እኩለ ሌሊት ላይ እንዲቀየር አስተካክሎ ማስቀመጥ፣ መስታወቱ ሥር አንዲት ብናኝ ሳያስቀሩ መዝጋት የሰከነ እጅ ይጠይቃል። ይህ ሰው አስተማሪ ነበር። አሁን የሚውለው መኪና በማቆም ነው። የተማረበትና ያስተማረበት እጁ ሥራ የሚያገኘው ማታ፣ ያቺ ነጭ ጨርቅ ላይ ብቻ ነው። ሰዓቶቹን ብትጥዪበት የምትጥዪው ኮፒውን ብቻ አይደለም። ከመምህሩ የቀረችውን ነገር አብረሽ ትጥያለሽ። እሱም ይህን ይቅር የሚልሽ አይመስለኝም።

አስሮ መውጣቱ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ፓርኪንግ ውስጥ ቁልፍ የሚያቀብለውን እጅ ሁሉ ያያል። በዚያ እጅ ላይ ምን ሰዓት እንደታሰረ ያውቃል፤ ሞዴሉን ሳይቀር። ቁልፉን ከሚሰጡት ሰዎች መካከል ግን ቀና ብሎ የእሱን ፊት የሚያይ ስንቱ ነው? ሮበርት ዊክላንድና ፒተር ጎልዊትዘር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1982 (እ.ኤ.አ.) ያቀረቡት አንድ ሐሳብ አለ። ሰው መሆን በሚፈልገው ማንነት ላይ ጉድለት ሲሰማው፣ ጉድለቱን በሚታይ ምልክት ሊሞላ ይሞክራል ይላሉ። ባልሽን አላየሁትም፣ አላነጋገርኩትም። ስለዚህ ይህ ነው በሽታው አልልሽም፤ በሽታ ነውም አልልም። ግን ከመምህርነት ወደ ፓርኪንግ የወረደ ሰው እጁ ላይ የሮሌክስ ምልክት የሆነው ዘውድ ያለበት ሰዓት ማሰሩ አይገርመኝም።

የሚያሳዝነው፣ ኮፒው ዕረፍት አይሰጠውም። አንድ ነገር ልንገርሽና ምናልባት ይገባሽ ይሆናል። የሰዓት ሞተር የሚቀያይሩ ብዙ ሰዎች የሚገጥሙት ኤንኤች35 የተባለ፣ የጃፓኑ የሴይኮ ኩባንያ ሞተር ነው። በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታል። ይህም በሰከንድ 6 ምት ማለት ነው። ሰብማሪነር የተባለው የዛሬው የሮሌክስ ሞዴል ግን በሰዓት 28,800 ጊዜ ይመታል፤ በሰከንድ 8። የሰከንዷ ጠቋሚ አሄድ በዚህ ይለያያል። ሰዓት የሚያውቅ ሰው አጠገቡ በተቀመጠ ቁጥር ባልሽ በሰከንድ ለሁለት ምት ሲሳቀቅ ይውላል። ማኅበር ላይ እጅጌውን ጎተት ሲያደርግ አይተሽው ከሆነ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል።

በእኛ ሰው መካከል ደግሞ ተጨማሪ ዕዳ አለው። እውነተኛው ሰብማሪነር አዲሱ ከ9 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ያንን እጁ ላይ ያሰረ ሰው ለለቅሶ መዋጮ 200 ዶላር የለኝም ቢል ማን ያምነዋል? አገር ቤት ያለ ዘመድ ሲደውልስ? ሰዓቱ ክብር ብቻ ይዞ አይመጣም። ይሰጣል የሚል ግምትም ይዞ ይመጣል። ቤታችሁ ከአቅም በላይ የሚወጣ ገንዘብ ካለ ምንጩ በከፊል እዚያው እጁ ላይ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ስጦታው እንምጣ። ዋናው ቁስል ይሄ ነው። በእኛ ሠርግ ወርቅ የሚሰጠው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ክፉ ቀን ሲመጣ ተሽጦ ቤት ያቆማል ተብሎ ነው። እናቶቻችን ሣጥን ውስጥ ያስቀመጡትን ሀብል ስንት ጊዜ አውጥተው ሸጠዋል! ወንድምሽም ያንኑ አደረገ። ክፉ ቀን ሲመጣበት የተሰጠውን ይዞ ወጣ። ባልሽ ለራሱ ኮፒ ማሰሩ የራሱን ገመና የሚሸፍንበት ነው። ለወንድምሽ ሲሰጥ ግን ሌላ ቤተሰብ የማይደገፍበትን ነገር ተደግፎ እንዲኖር አደረገ። ምናልባት አስቦበት አይደለም። ሙሽራው ፊቱ ቆሞ፣ ዘመድ ሁሉ እያየው፣ ባዶ እጄን አልቀርም ብሎ በዚያች ቅጽበት ፈትቶት ይሆናል። አላውቅም። ጠይቂው። ባያስብበትም ግን ጉዳቱ ያው ነው፤ መጠገንም ያለበት እሱ ራሱ ነው።

ስለዚህ ዝምታ አያዋጣም። በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ሙሬይ ቦወን በሁለት ሰዎች መካከል ውጥረት ሲኖር ሦስተኛ ሰው እየተጎተተ እንደሚገባ ያስተምሩ ነበር። ጉዳዩ የወንድምሽና የባልሽ ነው። ወንድምሽ ግን ለባልሽ መናገር ከብዶት አንቺ ላይ አራገፈው። አሁን ሁለቱ ሲደዋወሉ በሰላም እየሳቁ ያወራሉ። የምትቃጠዪው አንቺ ነሽ። ንዴትሽም ቀን በቀን ወጥቶ ባልሽ ላይ ያርፋል፤ እሱ ደግሞ በምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም።

መጀመሪያ ለወንድምሽ ደውዪ። «ያልከኝን ይዤ መቆየት አልቻልኩም። ትዳሬን እየጎዳው ነው። ለባለቤቴ ልነግረው ነው፣ አንተ ግን እንዳልተቀየምከው ጨምሬ እነግረዋለሁ» በዪው። ፈቃድ አትለምኚው፤ አሳውቂው እንጂ።

ከዚያ ከባልሽ ጋር ተነጋገሩ። ልጆቹ በተኙበት፣ እሱም ሰዓት እየፈታ ባልሆነበት ምሽት ይሁን። አነጋገርሽ ላይ ጥንቃቄ እንድታደርጊ የምለምንሽ በምክንያት ነው። እዚያው እናንተ ግዛት በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ስለ ሀፍረትና ጸጸት ያጠኑት ጁን ታንግኒ ያገኙት ነገር ለቤታችሁ በጣም ይጠቅማል። «ያደረግሁት ነገር መጥፎ ነው» ብሎ የተጸጸተ ሰው ሄዶ ይጠግናል። «እኔ ራሴ የማልረባ ነኝ» ብሎ ያፈረ ሰው ግን ይደበቃል ወይም ይቆጣል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ስትዪው የመታሽው ሰውየውን ነው እንጂ ያደረገውን አይደለም። ሁለት ቀን የዘጋሽ ለዚህ ነው። ተረቱ እውነት አለው። አንቺ ግን አትድገሚው።

ከራስሽ ጀምሪ። እንዲህ ልትዪው ትችያለሽ፦ «የወንድሜ ቅልቅል ዕለት ሰዓቱ ኮፒ መሆኑን እያወቅሁ ዝም አልኩ። እኔም አብሬህ አለሁበት። አሁን ወንድሜ ቸግሮት ሊሸጠው ሄዶ ነገሩት። አልተቀየመህም። ለአንተ እንዳልነግርህም ለምኖኝ ነበር። ግን ስትደዋወሉ እያየሁ መቻል አልቻልኩም። ምን ብናደርግ ይሻላል?» ይህን ተናግረሽ ዝም በዪ። ሊቆጣ ይችላል። ተነስቶ ሊወጣም ይችላል። አትከተዪው። የመጀመሪያው ቁጣ የሀፍረት ነው፤ አንድ ሁለት ቀን ስጪው።

ለወንድምሽ መደወል ያለበት እሱ ራሱ ነው። አንቺ አትደውዪለት፣ ስልኩንም አታቀብዪው፣ አጠገቡም አትቁሚ። ረጅም ንግግር አያስፈልገውም። «ሰዓቱ ኮፒ ነበር። ሳልነግርህ ሰጠሁህ። በክፉ ቀንህ አሳፈርኩህ፤ ይቅርታ» ካለ በቂ ነው። ቀጥሎ ለአራስ ቤቱ አቅማችሁ የፈቀደውን ላኩ። አቅማችሁ የፈቀደውን ያልኩት አስቤበት ነው። አንዳንድ ወንዶች እዚህ ላይ ደርሰው እውነተኛውን በክሬዲት ካርድ ገዝቼ እክሳለሁ ይላሉ። እንዲህ ካለ አጥብቀሽ ተቃወሚው። ወንድምሽ የቸገረው የሐኪም ቤት ወጪ ነው።

ሽማግሌ ለመጥራት አትቸኩዪ። በሌላ ጠብ ሽማግሌ እወዳለሁ። እዚህ ላይ ግን ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው በበዛ ቁጥር ባልሽ ይበልጥ ይደበቃል። በቅልቅሉ ዕለት እልል ላለ ዘመድ ሁሉ ማብራሪያ መስጠትም ግዴታ የለባችሁም። ለእናትሽ መንገሩን ለወንድምሽ ተዪለት።

ለልጃችሁ ግን መነገር አለበት፤ የሚነግረውም አባቱ ነው። 9 ዓመቱ ነው፣ ይገባዋል። የክፍሉ ልጅ አንድ ቀን «የአባትህ ፌክ ነው» ከሚለው ከአባቱ ቢሰማ ይሻለዋል። «ይሄ እውነተኛው አይደለም፤ አባትህ ግን ውስጡን ፈትቶ መግጠም ይችላል» ቢለውና አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ቢሰካለት ልጁ ትምህርት ቤት የሚያወራው ነገር አያጣም።

ሰዓቶቹስ ይቀጥሉ? ሥራው ይቀጥል እላለሁ። የሌላ ድርጅት ስም የተጻፈበት የሰዓት ፊት ግን ቢቀር። ያው የሴይኮ ሞተር፣ ስም ያልተጻፈበት ፊት፣ ጠቋሚ፣ ቀፎ፣ ሁሉም ለየብቻው በሕጋዊ መንገድ ይገዛል። በዓለም ዙሪያ እንዲህ እየገጣጠሙ የሚያስሩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ የሚደብቁትም ነገር የለም። ማኅበር ላይ «ስንት ገዛኸው?» ሲሉት «ራሴ ነኝ የገጣጠምኩት» ቢል ያ ሁሉ መሳቀቅ ይቀርለታል። ይህን ሐሳብ ግን አሁኑኑ አታቅርቢለት። ከወንድምሽ ጋር ከተነጋገሩ በኋላ፣ እሱ ራሱ «እነዚህን ምን ላድርጋቸው?» ብሎ ሲጠይቅ አንሺው። አንድ ነገር ብቻ ከወዲሁ ይታወቅ። ከ11ዱ አንዱንም ለማንም እንዳይሸጥ። አሜሪካ ውስጥ የሌላ ድርጅት ምልክት ያለበትን ኮፒ እያወቁ መሸጥ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ለጓደኛ በርካሽ ነው የሰጠሁት ማለትም አያድነውም።

በደብዳቤሽ ያልጻፍሽልኝ አንድ ነገር አለ። እነዚህ ሰዓቶች በምን ገንዘብ ነው የሚገዙት? ደህና ኮፒ አንዱ በመቶዎች ዶላር ይሸጣል፤ 11 ሲሆን ትንሽ ገንዘብ አይደለም። የካርዱን የባንክ መግለጫ አብራችሁ ተቀምጣችሁ እዩት። የምታውቂው ወጪ ከሆነ ጥሩ ነው። የማታውቂው ካርድ ወይም ዕዳ ካገኘሽ፣ ወይም ባልሽ መግለጫውን ለማሳየት እንቢ ካለ፣ ነገሩ በእኔ ደብዳቤ የሚያልቅ አይደለም። ያን ጊዜ የባልና ሚስት አማካሪ ዘንድ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ። በእናንተ አካባቢ በአማርኛ የሚያማክሩ ባለሙያዎች አሉ። ወንድምሽ ጋ ከተደዋወሉ በኋላ እንዴት እንደሆናችሁ ጻፊልኝ። ለአራሷም እንኳን ማርያም ማረችሽ በዪልኝ።